በኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?

ሰሞኑን መሳቢያ ስበረብር የድሮ የመስሪያ ቤት ባጄን አገኘሁት። ፎቶው ላይ ያለው ቀጭን ልጅ እኔ መሆኔን ልጄ አላመነችም፣ እሱን ተዉት፣ ከጀርባው ግን በእስክሪብቶ «ዋሽንግተን +7፣ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ +8፣ ዳሬሰላም ያው» የሚል ጽሑፍ አለ። ይቺን ሳይ ያ ክፍል፣ ያ የጋለ ማሽን ሽታ፣ ያ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ፣ ይሰማችኋል?» የሚል ድምጽ ሁሉም ተግተልትሎ መጣብኝና ይሄው ልጽፍ ተቀመጥኩ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

«የርቀት ትምህርት ማዕከል ነው የምሰራው» ስል ያኔ ሰው ሁሉ የሚመጣለት ሞጁል ነው። ታውቁታላችሁ አይደል፣ ኮሌጅ ተመዝግቦ ጥራዙን በፌስታል ተሸክሞ ክፍለ ሀገር መሄድ፣ ከዛ ቀኑ ሲደርስ መጥቶ መፈተን። እናቴ ራሷ ለጎረቤት «ሞጁል የሚታደልበት ቦታ ነው የሚሰራው» ትል ነበር፣ እኔም ማስተካከል ደከመኝና ተውኩት። የኛ ግን ሌላ ነው። የኛ አንድ ክፍል ነው በቃ። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ ወለል፣ ዙሪያውን ሰላሳ ወንበር፣ ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ቲቪ፣ ከላያቸው ዞር ዞር የሚል ካሜራ፣ በየሁለት ሰው መሀል ቁልፍ ያለው ማይክ፣ ሲጫኑት ቀይ መብራት የሚበራ። ጣራው ላይ ዲሽ፣ ጓሮ ጄኔሬተር። ጎን ላይ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች፣ እዛ ውስጥ ደሞ እኔ፣ ሄድፎን አናቴ ላይ፣ አንድ እጄ ቮልዩሙ ላይ፣ አንድ እጄ ስልክ ላይ። የየትኛው መስሪያ ቤት እንደሆነ ስሙን አልጠራም፣ ያኔ ቪዲዮ ኮንፈረንስ ያለው ቦታ በጣት የሚቆጠር ስለነበር ከጠራሁት ሰዎቹንም ታውቋቸዋላችሁ።

ሀሳቡ ከየት እንደመጣ ለወጣቶቹ ላስረዳ። የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄምስ ዎልፈንሰን በፈረንጅ 1996 ላይ ባንኩ ብር ብቻ ሳይሆን እውቀትም የሚያበድር መሆን አለበት የሚል ንግግር አደረገ፣ «የእውቀት ባንክ» የሚባለው ነገር ከዛ ነው። ከዛ በሰኔ 2000 (እኛ 1992 ላይ ነበርን፣ ከዚህ በኋላም ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ዓለም አቀፍ የልማት ትምህርት ኔትወርክ የሚባለው ተጀመረ። በአጭሩ በየሀገሩ እንደኛ አይነት ክፍል ይከፈታል፣ ክፍሎቹ በሳተላይት ይገናኛሉ፣ የዳሬሰላም ማዘጋጃ ቤት ሰውዬና የአክራው ሰውዬ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ ሆቴል ሳይዙ፣ አበል ሳይበሉ ስለ ቆሻሻ አነሳስ ይነጋገራሉ። (አበሉ ላይ ነው ችግሩ፣ እመለስበታለሁ።) ዳሬሰላም፣ አክራ፣ ካምፓላ፣ ናይሮቢ፣ ኮሎምቦ፣ ሃኖይ፣ በ2004 ደሞ ቶኪዮ፣ እያለ እያለ ከ100 በላይ ማዕከል ደረሰ።

ከሱ በፊትም ነገር ነበረ። የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በ1997 እንዲሁ በዓለም ባንክ ተጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበረ። ያኔ ምስሉ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚመጣው፣ ፕሮፌሰሩን ታየዋለህ እሱ አያይህም፣ ጥያቄ ካለህ ትደውላለህ ወይ ፋክስ ትልካለህ። ፋክስ! ሌክቸር ላይ እጅ ማውጣት ማለት ወረቀት ጽፎ ፋክስ ማሽን ጋ መሰለፍ ማለት ነበር።

ፕላዝማን ያየ ይሄን አያጣውም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስኩ በኋላ ነው የመጣው፣ ታናሽ እህቴ ግን የፕላዝማ ልጅ ናት፣ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት በሚመጣ አስተማሪ ነው የተማረችው። አስተማሪው ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዛ መልስ እንደሰማ ሰው ጎበዝ ብሎ ይቀጥላል። እህቴ እቤት ውስጥ እናታችን ስትቆጣት «ጎበዝ» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ትሄድ ነበር። ስለዚ እኔ መስሪያ ቤት ስገባ የኛው ቢያንስ ሁለታችንንም ያሳያል፣ ያወራል፣ ይሰማል ብዬ በጣም ነበር የኮራሁት። ኩራቱ ሦስት ሳምንት ቆየ።

የመጀመሪያው ውርደት የሰዓት ነበር። ከዋሽንግተን የመጣው ፕሮግራም ላይ የየከተማው ሰዓት ተዘርዝሯል፣ አዲስ አበባ 4:00 ይላል። ጸሐፊያችን እንዳለ ገልብጣ ደብዳቤውን በተነችው። ከሰዓት አስር ሰዓት ማለት ነው፣ ግን ማን ይጠረጥራል? ሃያ ምናምን ሰው፣ ከነሱም ውስጥ ሌሊት ተነስተው ከክፍለ ሀገር የመጡ አሉበት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ክራቫታቸውን አስረው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ጂንስ ለብሼ ኬብል ስጠቀልል ነው የደረሱብኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ምን እናድርጋቸው? ሻይ ሰጠናቸው፣ ምሳ ሰጠናቸው፣ ከምሳ በኋላ ግማሾቹ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣላቸው፣ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ብቻ ጋዜጣቸውን ማስታወቂያውን ሳይቀር አንብበው ጨርሰው እኔ ጋ መጥተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቆጣሪ አለው?» አሉኝ። የምን ቆጣሪ ጋሼ? «የሚያስከፍል ነወይ ነው የምልህ፣ በደቂቃ።» አዎ ስላቸው «ታዲያ ስንናገር ሰላምታ ባንደጋግም ጥሩ ነው» አሉ። ጋሼ እንላቸው። እኚህ ሰውዬ ይመለሳሉ።

ከሰዓት ላይ መስመሩን ለሙከራ ስከፍት የዳሬሰላሙ ቴክኒሻን ብቅ አለ። ይቅርታ ዛሬ ትንሽ ተመሰቃቅለናል፣ ሰዎቻችን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጡ አልኩት። ዝም አለ፣ መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ቮልዩም ስነካካ ለካ እየሳቀ ነው። «ሳ ንኔ!» አለኝ፣ አራት ሰዓት ማለት ነው። በስዋሂሊም እኮ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ተጀምሮ፣ ጠዋት አስር ሰዓት በፈረንጁ ለነሱም አራት ነው። ከነሱም ሁለት ሰዎች ጠዋት መጥተው ተበሳጭተው ሄደዋል። እኔ ይሄ አቆጣጠር በዓለም ላይ የኛ ብቻ ነው ብዬ ነበር ያደግኩት፣ አስራ ሶስት ወር ጸጋ፣ የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን ሰዓት ምናምን፣ እና አንድ የታንዛኒያ ልጅ በአንድ ቃል አፈረሰብኝ። በዛ ክፍል ውስጥ ከሌላ ሀገር ሰው የተማርኩት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፣ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር መዘግየቱ ነው። ሳተላይቱ ያለው 36 ሺ ኪሎ ሜትር ከምድር ወገብ በላይ ነው፣ ድምጽህ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል፣ መልሱም እንዲሁ ሲመጣ ግማሽ ሰከንድ፣ ማሽኖቹ የራሳቸውን ሲጨምሩበት፣ ደሞ መስመሩ በመሀል ሌላ ቦታ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ከሆነ እጥፍ። ግማሽ ሰከንድ ምን አላት ትሉኛላችሁ፣ ሁለት የኢትዮጵያ ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ አይታችኋል? ይቅደሙ፣ አረ እርስዎ ይቅደሙ፣ በሞቴ። ይሄን በሳተላይት አስቡት። የኛ ሰብሳቢ «እናመሰግናለን፣ እንደምን ዋላችሁ» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከአክራ መልስ ሳይመጣ «ሰላም ናችሁ ወይ» ብሎ ይደግማል፣ በዛው ቅጽበት የመጀመሪያው መልስ ይደርሳል፣ ሁለቱም በአንዴ ያወራሉ፣ ሁለቱም በአንዴ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም በአንዴ ዝም ይላሉ። እኔ መስታወቱ ጀርባ ሆኜ ፊቴን በሄድፎን ገመድ እሸፍናለሁ። ጋሼ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ሶስተኛውና ትልቁ ደሞ ማይኩ ነው። ማይክ የሚጫነው አለቃ ነው። ይሄን ማንም አላወጀም፣ ማኑዋሉም አይልም፣ ግን ሰው ሲገባ አለቃ መሀል ማይኩ ፊት፣ ባለሙያ ዳር ማይክ የሌለበት ነው የሚቀመጠው። ከዋሽንግተን ያለችው ሞደሬተር አዲስ አበባ ጥያቄ አላችሁ ስትል አለቃው ቀዩን መብራት ያበራና «በከተማችን ያለው የንጹህ መጠጥ ውሃ አቅርቦት በአሁኑ ወቅት አመርቂ በሆነ ሁኔታ...» ብሎ ይጀምርና የስድስት ወር ሪፖርት ያነባል። በደቂቃ እየተከፈለበት። ከካምፓላ ያሉት በትህትና ይሰማሉ፣ ከዛ የነሱም አለቃ የራሱን ያነባል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ይሄ ሁሉ ብር የወጣበት የእውቀት ልውውጥ ማለት ሪፖርት በሳተላይት መለዋወጥ ነው የመሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ስለ ፕኖም ፔን የተወራበት ቀን።

ርዕሱ ባክኖ የሚቀር ውሃ ነው። ማለትም የውሃ መስሪያ ቤቱ አጣርቶ፣ በፓምፕ ገፍቶ፣ ግን ብር የማያገኝበት ውሃ፣ በተቀደደ ቧንቧ የሚፈሰውም፣ በድብቅ የሚቀጠለውም፣ ቆጣሪው የማያነበውም አንድ ላይ። አቅራቢው የካምቦዲያዋን ዋና ከተማ ታሪክ አመጣ። በ1993 የከተማዋን ውሃ የሚያስተዳድረው ድርጅት ከሚያመርተው 72 በመቶውን ያጣ ነበር፣ ከጦርነት የወጣ ከተማ ነው፣ ቧንቧው ያረጀ፣ የደንበኛ መዝገቡ ግማሹ የሌለ ሰው፣ ሰራተኛው ራሱ ማታ ማታ መስመር እየቀጠለ የሚሸጥ። ኤክ ሶን ቻን የሚባል ኢንጂነር ተሾመና ቤት ለቤት ዞሮ መዝገቡን አጸዳ፣ ለሁሉም ቆጣሪ አስገባ፣ ያልከፈለን መቁረጥ ጀመረ፣ ትልልቆቹን ጨምሮ። አንድ ጄኔራል ቤት ሊቆርጥ ሄዶ ሽጉጥ ተደግኖበታል። ቆረጠው ግን። ብክነቱ ከ10 በመቶ በታች ወረደ፣ በኋላም ወደ 6 ደረሰ፣ ሰውየውም በ2006 የእስያ ኖቤል የሚባለውን የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሸለመ። ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ አውሮፓም ውስጥ ይሄን የማያገኙ ከተሞች አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጄኔራሉ ጋ ሲደርስ ሁሉም ቀና ብሏል። ሞደሬተሯ አዲስ አበባ አለች፣ የኛ አለቃ ማይኩን ተጫኑ፣ «በከተሞቻችን ያለው አቅርቦት አመርቂ...» እና መስመሩ ሄደ። ጭልጥ። ስክሪኑ ሰማያዊ። ሐምሌ ነበር፣ ውጪ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ዝናብ ሲበረታ ሲግናሉን ይበላዋል፣ እኔ ስልክ ይዤ እሯሯጣለሁ።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው» አሉ ጋሼ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ አለቃው ራሱ ሳቀ፣ ሻይ ይምጣ ተባለ፣ ሻይና ዳቦ መጣ፣ ሰው ከወንበሩ ተነሳ፣ ከዛ ነው ነገሩ የተጀመረው።

አንዱ «ጋሼ፣ እርሶ ጋ ጄኔራል የለም?» አላቸው። «የለም» አሉ ዳቦ እየቆረሱ፣ «ሆቴል ቤት አለ እንጂ። ባለቤቱ የልጄ የክርስትና አባት ነው። የአስራ አራት ወር አለበት።» ታዲያ ቆረጡት? «እንዴት እቆርጠዋለሁ? ሰንበቴው አንድ፣ እድሩ አንድ። ቆጣሪውን አወጣሁበት።» ምን ማለት ነው አሉ ሰዎቹ። ጋሼ ሻዩን አስቀምጠው በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ አጥር ሰሩ። ቆጣሪው ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ አንባቢዋ በር ታንኳኳለች፣ ዘበኛው የሉም ይላል፣ ወይ ውሻ አለ፣ ወይ ግቢ ገብታ ቡና ጠጪ ትባላለች፣ በዚህም በዚያም ቁጥሩ በግምት ይጻፋል። እሳቸው የትልልቅ ደንበኞችን ቆጣሪ በሙሉ ከአጥር ውጪ አወጡት፣ የብረት ሳጥን አሰርተው። «ከዛ ወዲህ ውሻም የለ፣ ቡናም የለ። የክርስትና አባቱ መጣና ለምን አወጣህብኝ አለኝ፣ የሁሉንም ነው ያወጣሁት፣ የኔንም ጨምሮ አልኩት፣ ሄዶ አየው፣ የኔ ቤት ቆጣሪ የመጀመሪያው ነው። በሦስት ወር ከፋፍሎ ከፈለኝ።»

ከሰሜን ከተማ የመጣ ወጣት ኢንጂነር፣ እስከዛ ድረስ ዳር ተቀምጦ ቃል ያልተናገረ፣ እሱ ደሞ አንባቢዎችን በየወሩ ሰፈር እንደሚያቀያይር ተናገረ፣ አንድ አንባቢ ለሁለት ተከታታይ ወር አንድ ሰፈር አይሄድም፣ ምክንያቱም በሁለተኛው ወር ላይ ዝምድና ይጀምራል። ጋሼ ደብተር አወጡ። ጻፉት። ልጁ ደሞ የብረት ሳጥኑ ስፋት ስንት በስንት ነው ብሎ ጠየቃቸው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው አለ፣ ለካ ቁልፉ ነው ዋናው ነገር፣ ስለ ቁልፍ ብቻ ሃያ ደቂቃ ተወራ። አንዷ ሴትዮ ቁልፉ ለሁለት ሰው መሰጠት አለበት አለች፣ ሌላው አይ ሁለት ሰው ያለው ቁልፍ የማንም አይደለም፣ ጥፋተኛ አይገኝም አለ፣ ተሟገቱ። አለቃው ወንበሩን ስቦ መጥቶ መሀላቸው ቁጭ አለ፣ ማይክ የለም እኮ፣ ቀይ መብራት የለም፣ የሚቀዳ ነገር የለም፣ ስለዚ እሱም «እኛ ጋ እንኳን እውነቱን ለመናገር ከግማሽ በላይ የት እንደሚሄድ አናውቅም» አለ። ከአርባ ደቂቃ በፊት አመርቂ ሲል የነበረው ሰውዬ!

መስመሩ ተመለሰ። ዳሬሰላም፣ ካምፓላ፣ አክራ በየሳጥናቸው ብቅ ብቅ አሉ። እና ምን አየሁ መሰላችሁ፣ የካምፓላው ክፍል ውስጥም ሰው ሁሉ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ያወራል፣ የሻይ ብርጭቆ ይዘዋል። የኛ ሲቋረጥ የነሱም ተቋርጦ ነበር ለካ። ሞደሬተሯ ይቅርታ ጠይቃ ከተቋረጠበት ልቀጥል ስትል ጋሼ፣ አለቃውን ሳያስፈቅዱ፣ ማይኩን ተጫኑና ባላቸው እንግሊዝኛ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ሲገባቸው አራቱም ከተማ ተንጫጫ። ከዳሬሰላም አንዲት ሴት ብድግ ብላ ስለነሱ ቆጣሪ አንባቢዎች የተናገረችውን ግማሹን መዘግየቱ በላው፣ ግማሹን ግን ክፍሉ በሙሉ ጎንበስ ብሎ ጻፈ።

ለዛ ቀን የጻፍኩት ሪፖርት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ፎርሙ ላይ ያለው የተገናኙ ከተሞች ብዛት፣ የተሳታፊ ብዛት በጾታ፣ የግንኙነት ሰዓት፣ የተቋረጠበት ደቂቃ ነው። የተቋረጠው አርባ ደቂቃ ብዬ ሞላሁ፣ አስተያየት የሚለው ላይ «በዝናብ ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ያ ማዕከል በኖረበት ዘመን ካየሁት ሁሉ ምርጡ አርባ ደቂቃ እንደ ብልሽት ነው የተመዘገበው። እኔ ነኝ የመዘገብኩት። ከዛ በኋላ ግን፣ አሁን ቢታወቅም አልባረርም፣ አንዳንዴ አለቃው ማንበብ ሲያበዙ መስመሩን ራሴ እቆርጠው ነበር። ሻይ ይምጣ።

ትምህርት በስክሪን የትም ቢሆን የሚሰራው ችግሩ ያለበት ሰው ቀድሞ ሲናገር ይመስለኛል። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ላይ ሳንጂቭ አሮራ የሚባል የጉበት ሐኪም በ2003 የጀመረው ፕሮጀክት ኤኮ የሚባል ነገር አለ። ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሰው እሱ ጋ ለመታየት ወራት ይጠብቃል፣ ገጠር ያለው ሐኪም ደሞ ማከም አይደፍርም። ሌክቸር አልሰጣቸውም፣ በየሳምንቱ በቪዲዮ ሰብስቦ «እስቲ በሽተኛህን ንገረን» ነው ያላቸው። የገጠሩ ሐኪም የራሱን በሽተኛ ያቀርባል፣ ሁሉም ይመክራል። በ2011 ሲታተም 407 ታካሚ ተጠንቶ ዩኒቨርሲቲው ጋ የዳኑት 57.5 በመቶ፣ ገጠር ጤና ጣቢያና እስር ቤት ውስጥ የታከሙት 58.2 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ጋሼ ይሄን ቢሰሙ «ታዲያ በሽተኛው ያለው እሱ ጋ አይደል» ነው የሚሉት።

የህንዶቹም ነበረ፣ ፓን አፍሪካን ኢ-ኔትወርክ። አብዱል ካላም ፕሬዚዳንት እያለ በ2004 ጆሃንስበርግ ላይ ለፓን አፍሪካ ፓርላማ ያቀረበው ሀሳብ ነው፣ ሙከራው በ2007 እኛ ሀገር ተጀመረ፣ አዲስ አበባና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ዴልሂ ካለው ኢንዲራ ጋንዲ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ሆስፒታል ደሞ ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር። በ2009 አህጉሩን ሙሉ እንዲያዳርስ ተብሎ በይፋ ተከፈተ፣ ማሰራጫው ሴኔጋል ዳካር ሆነ። በኋላ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሌላ ተተካለት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሃይደራባድ አይደለም፣ ነቀምቴ ነው። አንድ የነቀምቴ ሐኪም ሃይደራባድን ሲያገኝ ጥቁር አንበሳም እዛው ኔትወርክ ላይ አለ፣ በመኪና ሙሉ ቀን የሚፈጀውን መንገድ ማለት ነው።

ማዕከላቱ ምን ነካቸው? አበሉ ነካቸው፣ ቃል የገባሁት ይሄው። አንድ ባለሙያ ካምፓላ ሄዶ ሦስት ቀን ቢሰበሰብ አበል አለው፣ ሻንጣ ይዞ ይመለሳል፣ እኛ ጋ ሲመጣ ያለው ሻይና ዳቦ ነው። መስሪያ ቤቶች ሰው ላኩ ሲባሉ ማንም የማይፈልገውን ይልኩልን ጀመር፣ አንዳንዱ ለምን እንደመጣ አያውቅም። ሁለተኛ ደሞ ማዕከላቱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሳቸውን በራሳቸው ማስተዳደር አለባቸው ተብሎ ስለነበር የመስመሩን ወጪ የሚከፍል ደንበኛ መፈለግ ነበረባቸው። ከዛ በ2009 እና በ2010 የባህር ውስጥ የኢንተርኔት ፋይበሮቹ ምስራቅ አፍሪካ ደረሱ፣ ስካይፕ መጣ፣ ዙም መጣ፣ ኮሮና መጣ፣ በቃ። ያ ሁሉ ሰላሳ ወንበር፣ ያ ዲሽ፣ ያ መጋረጃ ስልክ ውስጥ ገባ። ማነው አሁን ክፍል ተከራይቶ የሚያወራ።

ቶኪዮው ግን አለ፣ እሱን ስከታተል የሚያስቀኝ ነገር አለ። የዓለም ባንክና የጃፓን መንግስት አብረው የከፈቱት፣ ለቪዲዮ ተብሎ የተሰራው ማዕከል፣ በኋላ ዋና ስራው የየሀገሩን የከተማ ባለሙያዎች ጃፓን ድረስ አምጥቶ በእግራቸው ማዞር ሆነ። ቧንቧውን አሳይቶ፣ ማጣሪያውን አሳይቶ፣ ማታ አብረው ራት እንዲበሉ አድርጎ። አውሮፕላን ለማስቀረት የተጀመረው ነገር ዞሮ ዞሮ አውሮፕላን ላይ ወጣ። አበሉም አለበት መሰለኝ።

ዙም ላይ የማየው ያው ነው። ስልሳ ስም፣ ሦስት ፊት፣ ሌላው ጥቁር ሳጥን። አለቃው አሁንም ያነባል፣ ያሁኑ ደሞ ስክሪን ሼር ያደርጋል። መስመር ሲቋረጥ ግን ሻይ የሚያመጣ የለም፣ እያንዳንዱ የራሱን ዋይፋይ እየረገመ ብቻውን ይቀራል። ከዛ ሊንኩን እንደገና ላኩልን፣ ላኩልን፣ ላኩልን። ባለፈው አንዱ ላይ ቻት ከፍቼ «እናንተ ጋ የቆጣሪ ሳጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰው አውራ ጣት አደረገልኝ።

ለማንኛውም ባጁን ካገኘሁ በኋላ ስልኩን ፈልጌ ለጋሼ ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ድምጻቸው ያው ነው። ያ ሰሜን ያለው ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ በየበዓሉ ይደውልላቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ትናንሽ ከተሞች ውሃ የሚነጋገር ስብሰባ በዙም እንዳለ ነገርኳቸው፣ ነጻ ነው፣ ሊንኩን በቴሌግራም ልላክልዎት አልኩ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ዘጠኝ ሰዓት።

«በኛ ነው በፈረንጅ?»

በኛ ጋሼ፣ አጣርቻለሁ።

«ሻይ አለው?»

ኧረ ጋሼ ከቤት ሆነው እኮ ነው የሚያዩት፣ በስልክዎት።

ትንሽ ዝም አሉ። መዘግየቱ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ሳተላይት ያስለመደኝ።

«እንግዲያው አዲስ አበባ ልጄ ቤት ልመጣ ነው ማክሰኞ» አሉ፣ «ያንተ ቤት እመጣና አብረን እናየዋለን። ዳቦ ግን ግዛ።»